ሰባት በግ የሚጠልቀው ጉድጓድ

በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ለሥራነሽ የደረሳት ማሳ መሐሉ ላይ የብረት ቱቦ የቆመበት ነበር። ቱቦው ቁመቱ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ አፉ ድስት ያስቀምጣል፤ ዙሪያውን አውድማ የሚያህል ሲሚንቶ ተነጥፎበታል። ዕጣው የወጣው ከባርኔጣ ውስጥ ነው። ባርኔጣው የሙላት፣ ወረቀቱን ያወጣውም እጅ የሙላት ነበር። ሙላት የሽግሽግ ኮሚቴው አባል ሲሆን ከሥራነሽ ጋር ከተፋታ ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

«ዕድልሽ ነው» አላት ወረቀቱን እያሳያት።

«ዕድሌንማ አንተን ያገባሁ ቀን ጨርሼዋለሁ» አለችው። «ይኸኛው ያንተ ሥራ ነው።»

እኔ ያን ጊዜ ይጁቤ አስተምር ነበር። ሥራነሽን ያወቅኋት ከዚያ በኋላ፣ በአረቄዋ ምክንያት ነው። ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ሙላትንም ጠይቄዋለሁ፤ ስለ ባርኔጣው ብቻ አልመልስም አለኝ።

ቀበሌው ግራር አፋፍ ይባላል። ከይጁቤ ወደ ዓባይ ሲወርዱ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ ሳይጀምር ያለች ጠባብ ሜዳ ናት። ቱቦውን እዚያ ያቆሙት በደርግ ጊዜ ነዳጅ ሊፈልጉ የመጡ ሰዎች ናቸው። በ1979 ዓ.ም. መጡ፤ ግማሾቹ ፈረንጆች፣ ግማሾቹ ከአዲስ አበባ። ሥራነሽ ያኔ ኮረዳ ነበረች። መጀመሪያ ለቁፋሮው ውኃ በጀርባዋ አመላለሰች፤ ኋላ የወጥ ቤቱ ሴት ስትታመም ወጥ ቤት ገባች። ሦስት ዓመት ያህል ቆፈሩ። ያገኙት ጋዝ ነው፤ እሱም ለመውሰድ የሚያንስ፣ ለመተው የሚበዛ ሆነባቸው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ድንኳናቸውን ነቅለው፣ ቱቦው አፍ ላይ ከባድ የብረት ክዳን በብሎን አስረው ሄዱ።

ክዳኑ ዓመት አልቆየም። የግራር አፋፍ ሚካኤል ደወል አልነበረውም፤ ምእመናን የሚጠሩት ድንጋይ በድንጋይ እየተመታ ነው። አንድ ቀን ክዳኑ ከቱቦው ላይ ጠፋ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ወይራ ላይ ተንጠልጥሎ በብረት ሲመታ ተሰማ፤ ድምፁ ይጁቤ ድረስ ይዘልቃል። ማን እንደፈታው የጠየቀ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቅ ነበርና። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቱቦው ቀንም ሌትም እንደ እባብ ሲፍ ይላል፤ ነፋስ በሌለ ቀን ደግሞ የገማ እንቁላል ይሸታል።

ሥራነሽ መጀመሪያ ያሰበችው ማንም ሰው የሚያስበውን ነው። ብረቱ ይነሣላት፣ ሲሚንቶው ይፈንቀልላት፣ ጤፍ ትዝራበት። ማመልከቻ አስጽፋ ወደ ወረዳ ከተማ ወጣች። አንዱ ቢሮ መሬቱ ይመለከተናል፣ ቱቦው ግን ሰብል ስላልሆነ አይመለከተንም አላት። ወደሚቀጥለው ቢሮ ሄደች።

«ጉድጓድ ከሆነ ውኃ ይወጣዋል?» አላት እዚያ ያለው ሰውዬ።

«አይወጣውም። ይተነፍሳል።»

«የሚተነፍስ ነገር ወደ ጤና ነው የሚሄደው።»

ጤናዎቹ የታመመ ሰው አምጪ አሏት። ሰው እስኪታመም ልጠብቅ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ያለ በሽተኛ ካርድ አይወጣም ተባለች። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄዳ አንድ ሹም ፊት ቀረበች። ሹሙ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣

«ነዳጅና ጋዝ የፌዴራል ነው» አላት።

«እሺ፣ ፌዴራል ጋዙን ይውሰድ። ቱቦው የማን ነው?»

ሹሙ ሣቀ፤ ደብዳቤም ጻፈላት። ደብዳቤው ለሰባት መሥሪያ ቤቶች ግልባጭ ተደረገ። አንዱ ግልባጭ ተዘዋውሮ ተዘዋውሮ ከስድስት ወር በኋላ ለእርሷው ደረሳት፤ ከታች «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ሥራነሽ የሚመለከታት እሷ ብቻ እንደሆነች የዚያን ቀን ገባት።

እንዲህ እየተመላለሰች አምስት ዓመት ሞላት። በ1994 ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ማሳዋን ልታጸዳ አረሙን ነቅላ፣ ከምራ ክብሪት ጫረች። ነፋስ አልነበረም። እሳቱ ከክምሩ ተነሥቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ በአየር ላይ ሄዶ ቱቦው አፍ ላይ ተቀመጠ። በመሐል ቆማ የነበረችው እሷ ነች። ቅንድቧን፣ ሽፋሽፍቷንና የፊት ጠጉሯን በአንድ ጊዜ አጣች። ነበልባሉ የሰው ቁመት ያህል ሆኖ ሰማያዊ እየነደደ ቀረ።

አገሩ ተሰበሰበ። ግማሹ ጋኔን ነው አለ፤ ግማሹ ደግሞ ሥራነሽ ናት አለ። እሷ ግን ፊቷን ቅቤ ተቀብታ ተመለሰች፤ ጆንያ ውኃ ውስጥ ነክራ ጎንበስ ብላ ቱቦው ላይ ጣለችው። እሳቱ ጠፋ። ሰው ወደየቤቱ ሄደ።

በማግስቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን መጡ። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው እንደሚሉት ድንጋይ ቢሰጧቸው ሁለት ትርጉም ያወጡለታል። በአንድ እጃቸው መጽሐፍ፣ በአንድ እጃቸው የበራ ጧፍ ይዘው፣ ጸበል የያዘ ዲያቆን አስከትለው ወደ ቱቦው ቀረቡ።

«የኔታ፣ ጧፉን ያጥፉት» አለች ሥራነሽ ከሩቅ።

«ያለ ብርሃን ይጸለያል እንዴ» አሉና አንድ እርምጃ ጨመሩ።

መጽሐፉ ተረፈ። ጧፉ የት እንደገባ አልታወቀም። የመሪጌታ ጢም ግን ከግራ በኩል እስከ ጉንጫቸው ድረስ ተላጨ። ዲያቆኑ ጸበሉን ሁሉ ፊታቸው ላይ አፈሰሰው። ሥራነሽ ጆንያዋን ይዛ መጥታ ቱቦውን አጠፋችና ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠቻቸው። መሪጌታ የቀረውን ጢማቸውን ዳበሱ።

«ጋኔን ነው፣ የኔታ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ጋኔንስ በጸበል ይሸሻል። ይኼ የሚፈራው ያንቺን ጆንያ ነው።» ቱቦውን ትክ ብለው አዩት። «ስሙ ራሱ ተናግሮ ጨርሷል። ጓዶቹ ቆፍረው ሄዱ፤ ጉዱ ለእኛ ቀረ። ጉድ-ጓድ ማለት ይኸው ነው።»

ይህች ነገር በሳምንት ውስጥ ይጁቤ ገበያ ደርሳ ነበር። መሪጌታም ጢማቸው እስኪያድግ ድረስ በነጠላ ተከናንበው ማኅሌት ቆሙ፤ የሚጠይቃቸው ሲኖር ጥርሴን አሞኝ ነው ይሉ ነበር።

ሥራነሽ ግን በማሰብ ላይ ነበረች። ከፍቺው ወዲህ የምትተዳደረው አረቄ አውጥታ በመሸጥ ነው። አረቄ እንጨት ይፈጃል። ከድፍድፉም ከጌሾውም ይልቅ ጀርባዋን የሰበረው ባሕር ዛፍ መሸከሙ ነው። አሁን መሬቷ ላይ የማያልቅ እሳት ቆሞ ሲፍ እያለ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥታ የቱቦውን አፍ ዘጋች፤ ዙሪያውን በጭቃ መረገች፤ መሐሉ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተወች። ሦስት ጉልቻ አቆመች። በረጅም ሸምበቆ ጫፍ ላይ ጨርቅ አሥራ፣ ለኩሳ፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ እጇን ዘረጋች። እሳቱ ያዘ። ያን ጊዜ ገና ቅንድብ ስላልነበራት የምታጣው ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት የግራር አፋፍ ሥራነሽ አረቄዋን ያለ አንዲት ጭራሮ አወጣች። እሳቱን በጭቃ ታሳንሰዋለች፣ በእንጨት ወግታ ትጨምረዋለች። ጠባዩን እንደ ልጇ አወቀችው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ይጋልባል፤ ቀትር ላይ ይደክማል፤ ደመና ሲከብድ ይሸታል። እሳቱ እኩል ስለሚነድ አረቄው ጭስ አይነካውም፤ ጥርት ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የማይቆም ነበር። ሌሎቹ አረቄ አውጪዎች ቀንተው «የሲኦል አረቄ» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ ከወጣ በኋላ ገዢው በእጥፍ ጨመረ። እኛ አስተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከይጁቤ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር እየተጓዝን እንወርድ ነበር። መሪጌታም «ለሆድ ቁርጠት» እያሉ በዲያቆኑ ጠርሙስ ይልኩ ነበር። ቁርጠቱ በየሳምንቱ ይመለስባቸዋል።

ነገሩ መልኩን የለወጠው በ1999 ኅዳር ነው። አያ አንለይ የሚባሉ ሽማግሌ የዘወትር ደንበኛዋ ነበሩ። ያን ዕለት ማለዳ፣ እሷ ገና ሳትደርስ፣ ቀድመው መጡና ብርዱን ሽሽት ከሲሚንቶው በታች ባለው ጎድጓዳ ቦታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ውርጭ ነበር፤ ነፋስ የሚባል የለም፤ እሳቱ ሌሊት ጠፍቶ ጋዙ ጎድጓዳው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሥራነሽ ስትደርስ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ዱላቸው ከእጃቸው ወድቆ፣ ከጎናቸውም አንዲት ፍየል ሞታ አገኘች። እስትንፋሷን ይዛ ወርዳ እግራቸውን ጎትታ ወደ ላይ አወጣቻቸው። በኋላ ስትነግረኝ፣ ሽማግሌው ቀላል ነበሩ፤ የከበደኝ ትንፋሼን መያዙ ነው አለች። ፊታቸውን በጥፊ መታች፣ አገላበጠች፣ ስማቸውን እየጠራች ለመነቻቸው። ብዙ ቆይተው አስታወኩና ዓይናቸውን ገለጡ።

መንደሩ አያ አንለይ ሰክረው ነው አለ። እሳቸው ደግሞ በሚካኤል ስም ማሉ፤ ያን ጠዋት አንዲት ጠብታ አልቀመሱም። በሕይወታቸው ሳይጠጡ የወደቁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነገሩ በጣም አናደዳቸው። ሥራነሽ ግን የፍየሏን ባለቤት አንዲት ግልገል ሰጠችው። ጎድጓዳውን በእሾህ አጠረችው። አረቄውን አልተወችም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በየማለዳው መጀመሪያ የምታየው እሳቱን ሳይሆን ጎድጓዳው ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዳለ ነው።

በ2001 መንግሥት መጣ። በየአገሩ ተቆፍረው የተተዉ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች ተፈልገው እንዲደፈኑ ታዟል የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ሙላት በዚያን ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆኗል። ስብሰባ ጠራና ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ሥራነሽ እጇን አነሣች።

«ለዚሁ ጉዳይ ጫማ እስክጨርስ ድረስ ለምኜ ነበር» አለች። «ያን ጊዜ የሚመለከተው ጠፍቶ አሁን ከየት ተገኘ?»

«አሁን በዕቅድ ተይዟል።»

«እኔስ በምን ተይዤ ነበር?»

ሰው ሣቀ። ሙላት ወረቀቱን አጠፈ። «አንቺ የምትቃወሚው ለአረቄሽ ብለሽ ነው» አላት።

«አልተቃወምኩም» አለች ሥራነሽ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። አያ አንለይን አየቻቸው፤ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። «ይደፈን። ግን የሚያውቅ ሰው ይድፈነው።»

የሚያውቅ ሰው አልመጣም። የመጣው ግብረ ኃይል ነው። ግብረ ኃይሉ አሥራ አንድ አባላት ነበሩት፤ ከመካከላቸው ሲሚንቶ አቡክቶ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ግንበኛ ሳይሆን ሹፌሩ ነው። መጀመሪያ ክዳኑ ይመለስ ተብሎ ወደ መሪጌታ ተላከ። መሪጌታ መልእክተኞቹን ወይራው ሥር አስቀምጠው፣ ብረቱ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ለቅዳሴ ሲጠራ ኖሯል፤ አሁን ለጋዝ ጠባቂነት ይመለስ ማለት ጳጳስን ዘበኛ ማድረግ ነው አሏቸው። እንግዲያው ያለ ክዳን ይሁን ተባለና ሠላሳ ኩንታል ሲሚንቶና አገር የሚያህል ድንጋይ ቱቦው ላይ ተከመረ። ሥራነሽ ጉልቻዋን ራሷ አንሥታ ሲሚንቶው ዳር አስቀመጠች። ክምሩ በኖራ ተቀባ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ሙላት «ከዛሬ ጀምሮ ግራር አፋፍ ከጋዝ ነጻ ቀበሌ ናት» ሲል ንግግር አደረገ። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከቱቦው ስልሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አለ። ከጀርባው የዚያን ዓመት በጤና ዘመቻ የተሠራ፣ ለሌላው ሰው ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ሽንት ቤት ቆሟል። ሙላት ደግሞ ሲጋራ ያጨሳል። በየስብሰባው ትንባሆን ስለሚያወግዝ ይህን የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም፤ የሚያጨሰውም ያው ሽንት ቤት ውስጥ ገብቶ ነው። ከሪባኑ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ገባ። ተቀመጠ። ክብሪት ጫረ።

እኔ ያን ቀን ለትምህርት ቤት ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ነበርኩ። ድምፁ ትልቅ በር በንዴት ሲዘጋ የሚሰማውን ይመስል ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከጎን ወደቀ። ከዚያ ሙላት ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቅንድብ የሚባል ሳይኖረው፣ በጣም እየተቻኮለ ግን ሳይሮጥ፣ በፊታችን አለፈ። የቀበሌው ጸሐፊ ባዘዘው ብድግ ብሎ፣

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ደኅና ነዎት?» አለው። ጓድ መባል ከቀረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ባዘዘው ከድንጋጤው የተነሣ ነው።

ሙላት ተቃጥሏል፤ ግን ብዙም አልተጎዳም። ሦስት ሳምንት በሆዱ ተኛ። ሥራነሽ ሰውን ሁሉ እያስገረመች፣ ጠዋት ጠዋት እሬት ይዛ እየሄደች ትቀባው ነበር። ባሏ በነበረበት ጊዜ እንኳ እንዲህ ዝም ብሎ ተኝቶላት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ያ ሰሞን አስታረቃቸው ባይባልም፣ ስድቡ ቀነሰ። አንድ ቀን፣

«ማሳውን ዐውቄ ነው የሰጠሁሽ» አላት ትራሱ ውስጥ ሆኖ።

«አውቃለሁ። ገልበጥ በል፣ ይኼኛው በኩል ቀርቷል» አለችው።

ነገሩ ደብረ ማርቆስን አልፎ አዲስ አበባ ተሰማ። ፈነዳ የተባለ ጉድጓድ ደብዳቤው ቶሎ ይነበባል። በ2002 ኅዳር ላይ ሁለት ላንድክሩዘር፣ ሦስት የጭነት መኪናና አንዲት ሴት መጡ። ሴትዮዋ አይናለም ትባላለች፤ የሠላሳ ዓመት ገደማ ጂኦሎጂስት፣ አዲስ አበባ ያደገች፣ ቦት ጫማዋ ከእግሯ የሚበልጥ። ሪባን አላመጣችም። መጀመሪያ ያደረገችው በአንገቷ ያንጠለጠለችውን የጋዝ መለኪያ ይዛ ማሳውን ሁሉ መዞር ነው። መለኪያው በየቦታው ይጮኻል። የተነጠፈው ሲሚንቶ ላይ ስትደርስ አጎንብሳ የጠቆሩትን ድንጋዮች አየች።

«እትየ፣ እዚህ ላይ ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«አረቄ።»

«በጋዙ?»

«በጋዙ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ሰባት ዓመት ይሆነኛል።»

አይናለም መለኪያውን አጠፋችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «በሕይወት መኖርዎ ራሱ የሚገርም ነው» አለች።

«እሱን ከሙላት ጋር ስኖርም ይሉኝ ነበር» አለች ሥራነሽ።

ችግሩ ወረቀት ነበር። የጉድጓዱ ፋይል በ1983 ግርግር ጠፍቷል። ጥልቀቱን፣ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ጋዙ ከየትኛው አለት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። አይናለም ለቀበሌው ሰዎች ነገሩን በቀላል ቋንቋ አስረዳች። ያለፈው ዓመት ሲሚንቶ ከላይ ብቻ ስለነበር ጋዙ በስንጥቁ ዞሮ በሌላ በር ወጣ፤ አሁን ደግሞ ከታች ጀምሮ መድፈን ያስፈልጋል። ለዚያ ግን ጥልቀቱ መታወቅ አለበት።

«ከመቶ ሜትር አይበልጥም» አለ ሙላት። ሽንት ቤቱ ከፈነዳ ወዲህ ስለ ጉድጓድ አዋቂ ሆኗል።

«ሰባት በግ ነው» አለች ሥራነሽ።

ሁሉም ዞሮ አያት።

«በየሁለት መቶ ሜትሩ በግ ያርዱ ነበር» አለች። «የፈረንጆቹ አለቃ ወጥ ቤት ብቅ ይልና ሁለት ጣቱን ያሳየኛል፤ ሌላ ሁለት መቶ ወረድን ማለቱ ነው። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ሰባተኛው ነው። እሱ ዓቢይ ጾም ላይ ዋለና ፈረንጆቹ ብቻቸውን በሉት። ለሐበሾቹ ሽሮ ሠራሁ። በአንድ ቀን ሁለት ወጥ ስላሠሩኝ አልረሳውም።»

አይናለም ደብተሯን አወጣች። እኔ በትከሻዋ በኩል አየሁ፤ «7 በግ = 1400 ሜ.» ብላ ጻፈች። ሣቅ አልታየባትም።

«ሌላ የሚያስታውሱት ነገር አለ?»

«ከአምስተኛው በግ በኋላ አንድ ሳምንት ማንም አልሣቀም። የመቆፈሪያው ብረት ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶባቸው ነው። ሊያወጡት ታገሉ፤ እምቢ አለ። በኋላ እሱን ትተው በጎኑ ወረዱ። አለቃው ያን ሳምንት ወጥ አልቀመሰም፤ ጨው በዝቶበት መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ያለፈው ዓመት ክምር ተነሣ፤ መለኪያ ገመድ ወደ ውስጥ ተላከ። እኛ ከመቶ እርምጃ ርቀት ቆመን እናያለን። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። በአንድ ሺህ አርባ ሜትር ላይ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ቆመ። አይናለም የራስ ቁሯን አውልቃ ወደ ሥራነሽ መጣች።

«አምስት በግ ከአርባ ሜትር» አለቻት።

ሥራነሽ አሰበች። «አምስተኛው የደረሰው ረቡዕ ነው» አለች። «ሐበሾቹ ይጾማሉ ተብሎ በጉ ለሐሙስ ቆየ። ማሽኑ ግን ረቡዕ አይጾምም።»

አይናለም አሁን ሣቀች። እስክትቀመጥ ድረስ ሣቀች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ የተሰበረው ብረት መኖሩን ባታውቅ ኖሮ ታች ደርሻለሁ ብላ እዚያው ላይ ሲሚንቶ ትደፋ ነበር፤ ጋዙ ደግሞ ከሥር በጎን ይመጣና የሚቀጥለው ሽንት ቤት ይፈነዳል። ስለዚህ በብረቱ ጎን የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ከአዲስ አበባ አስመጣች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሠሩ። ሥራነሽ በየማለዳው ሰማዩን እያየች ዛሬ ይጋልባል፣ ዛሬ ይደክማል እያለች ትነግራቸዋለች። መጀመሪያ ሠራተኞቹ ይሣቁባት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን እሷ ሳትደርስ ሥራ አይጀምሩም።

መሪጌታም አንድ ቀን ተዘጋጅተው መጡ። ስለ ክዳኑ የሚጠይቃቸው ካለ የሚመልሱትን አስበው፣ አንድ ቅኔም ቆጥረው ነበር። አይናለም ክዳኑ እንደማያስፈልግ፣ ደወሉ ባለበት እንዲቆይ በትሕትና ነገረቻቸው። መሪጌታ ቅር ብሏቸው ተመለሱ፤ ቅኔው የሚወድቅበት ቦታ አጣ።

በሃያኛው ቀን መለኪያው ዝም አለ። ማሳው ላይም፣ ጎድጓዳው ውስጥም፣ ሽንት ቤቱ የነበረበትም ቦታ ዝም አለ። ቱቦው ከመሬት በታች ሁለት ሜትር ላይ ተቆርጦ፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተበይዶበት አፈር ለበሰ። የተነጠፈውም ሲሚንቶ ተፈንቅሎ ተጫነ። ሥራነሽ ባዶው ማሳ ላይ ቆማ ጆሮዋን አዘነበለች። ክዳኑ ከተፈታ ጀምሮ የምታውቀው ያ ድምፅ የለም።

«ምን ተሰማዎት?» አለቻት አይናለም።

«ጎረቤት የለቀቀ ይመስላል» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ክፉ ጎረቤት ነበር። ግን እሳት አይነፍገኝም ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ወደ ባሕር ዛፍ ተመለሰች። ዓይኗ በጭስ ይቀላል፣ ታስላለች። እኛ ደንበኞቿም ደስ አላለንም፤ አረቄው ጭስ ጭስ ይላል። አያ አንለይ በግልጽ፣ የድሮው የተሻለ ነበር ብለው ነገሯት። የገደላቸውን ጋዝ እየናፈቁ እንደሆነ ስትነግራቸው፣ ገደለኝ እንጂ አረቄውን አላበላሸብኝም አሏት። ማሳው ላይ በመጀመሪያው ዓመት ሽምብራ ዘራች፤ አልበቀለም። በሁለተኛው ዓመት ከዳር ከዳር ወጣ። አይናለም ፍግ እንድትጨምርበት፣ አፈሩን እንድታገላብጥ መከረቻት። ሙላት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በሬዎቹን ይዞ መጥቶ ሁለት ቀን አረሰላት። ምሳ አበላችው፤ ከምሳ በኋላ እንዳይቆይ ነገረችው።

አይናለም በየዓመቱ ኅዳር ላይ መለኪያዋን ይዛ ትመጣ ነበር። ማሳውን ትዞራለች፣ ዜሮ ታነባለች፣ ቅጽ ትሞላለች፣ ሥራነሽ ትፈርማለች። በ2005 በመጣችበት ጊዜ እኔም ነበርኩ። ሽምብራው እስከ ጉልበት ደርሷል። ሥራነሽ ፈርማ ወረቀቱን መለሰችላት።

«ይኼ እስከ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለአምስት ዓመት ነው የታዘዘው። ሁለት ቀርቶናል።»

«ከዚያስ ማን ያየዋል?»

አይናለም ወረቀቱን አጠፈች። «ከዚያ በኋላ... እርስዎ ነዎት የሚያዩት፣ እትየ።»

«እንግዲያው ያን የሚጮኽ ማሽን ስትጨርሺ እኔ ጋ ተይልኝ» አለች ሥራነሽ። «እስከዚያው ግቢና ሽምብራ ቅመሺ።»